ልጅ በጉዲፈቻ ለመቀበል ለሚያስቡ፦ ከቃል ስምምነት እስከ ፍርድ ቤት ውሳኔ

በአገራችን የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግ እንግዳ ነገር አይደለም። እህቷ የሞተችባት ሴት የእህቷን ልጆች ሰብስባ ከራሷ ልጆች ጋር ታሳድጋለች፤ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት የወንድማቸውን ልጅ ከገጠር አምጥተው ያስተምራሉ። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ጉዲፈቻ በሽማግሌዎች ፊት የሚፈጸም፣ ልጁን ከተወለዱት እኩል የቤቱ ልጅ የሚያደርግ የቆየ ሥርዓት ሲሆን፣ በአማራው አካባቢም ማር አልሶ ልጅን «የጡት ልጅ» የማድረግ ልማድ ነበር። ነገር ግን ልጅን አብልቶ፣ አልብሶና አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ልጁ በሕግ ፊት የአሳዳጊው ልጅ መባሉ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ልዩነት የሚረዳው ዘግይቶ ነው፤ አሳዳጊው ሞቶ ውርስ ሲጣራ፣ ወይም ልጁ ፓስፖርት ሊያወጣ ሄዶ የአባቱን ስም የሚያረጋግጥ ሰነድ ሲጠየቅ። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሕግ ልጅን በጉዲፈቻ መቀበል ምን እንደሚጠይቅ፣ ከማን ጋር መስማማት እንደሚገባ፣ ፍርድ ቤት ምን እንደሚመረምርና ከውሳኔው በኋላ በቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቅ ያስረዳል።

ሕጉ ጉዲፈቻ የሚለው

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ስለ ጉዲፈቻ ከአንቀጽ 180 እስከ 196 ይደነግጋል። አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይን የመሳሰሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው በመሆኑ፣ በክልል የሚኖር ሰው ጉዳዩን የሚያቀርብበት ፍርድ ቤት በየትኛው ሕግ እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፤ እዚህ የሚጠቀሱት አንቀጾች የፌዴራሉ ናቸው።

በዚህ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ የወላጅነትና የልጅነትን ግንኙነት በስምምነት የሚፈጥር ሲሆን፣ ልጁ ለማናቸውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት ቀለብ የመጠየቅ፣ በአንድ ቤት ከተወለዱት ልጆች እኩል የመታየትና አሳዳጊውን የመውረስ መብት አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱበት ግን ሌላኛው ገጽታ ነው። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ ልጁን ከወላጆቹና ከወንድም እህቶቹ ቆርጦ «አዲስ ሰው» ለማድረግ የሚያስብ ሰው ሕጉ የማያውቀውን ነገር እያሰበ ነው። ባህላችንም ቢሆን አይደግፈውም፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት በሚቆጥር ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅን የሥጋ ዘር መደበቅ ነገ ሳያውቅ ዘመዱን እንዲያገባ በር መክፈት ይሆናል።

ጉዲፈቻ አድራጊው ሌሎች ዘመዶቹንም ማሰብ አለበት። ወደ ላይና ወደ ጎን የሚቆጠሩ የአሳዳጊው ዘመዶች ጉዲፈቻውን መቃወማቸውን በሕጉ መሠረት በግልጽ ካስመዘገቡ፣ በእነርሱ ላይ ውጤት አይኖረውም፤ ማለትም ልጁ የአሳዳጊው ልጅ መሆኑ ሳይነካ፣ የተቃወመው አያት ወይም አጎት ግን የልጁ ዘመድ ለመባል አይገደድም። ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም ልጁ በዓል በመጣ ቁጥር የሚሄደው ወደ እነዚህ ዘመዶች ቤት ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ በፊት ለቤተሰብ መንገር ብልህነት ነው።

ጉዲፈቻን ከሚመስሉት ነገሮች መለየትም ያስፈልጋል። ወላጅ የሌለውን ልጅ አካሉን የሚጠብቅለት ሰው «አሳዳሪ»፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ደግሞ «ሞግዚት» ይባላል፤ ሁለቱም በፍርድ ቤት ሊሾሙ ይችላሉ፣ ሹመቱ ግን ልጁን የእነርሱ ልጅ አያደርገውም። የአደራ ቤተሰብ ልጁን ለጊዜው የሚያቆይ ነው። የክርስትና ልጅነት መንፈሳዊ ዝምድና ሲሆን፣ በወር ገንዘብ እየላኩ ልጅን ከቤተሰቡ ሳያወጡ መርዳት ደግሞ ድጋፍ ነው። ለሙስሊም ቤተሰቦች ከፋላ የሚባለው መንገድ አለ፤ ልጁ የወላጅ አባቱን ስም እንደያዘ በሙሉ እንክብካቤ ያድጋል፤ አሳዳጊው የሚያወርሰው እንደ ወላጅ ሳይሆን በኑዛዜ፣ ሸሪዓው በሚፈቅደው የሲሶ ገደብ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 ከፋላን ከጉዲፈቻና ከአደራ ቤተሰብ ጎን ጠቅሶታል። ከእነዚህ አንዱ ለልጁ በቂ ከሆነ ጉዲፈቻ ላያስፈልግ ይችላል። አያቱ በሕይወት ያለች፣ ቤት ያላት፣ ችግሯ የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ የሆነ ልጅ አዲስ እናት አያስፈልገውም።

ማን ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላል?

መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ሰፊ ነው። ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ ማንኛውም ሰው፣ ያገባም ይሁን ያላገባ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላል። ባልና ሚስት በአንድነት የሚያደርጉት ከሆነ ከሁለቱ አንዳቸው 25 ዓመት ከሞላቸው በቂ ነው። ያገባ ሰው ግን ብቻውን ማድረግ አይችልም፤ ለዚህ ደንብ የተቀመጡት ልዩ ሁኔታዎች ባል የሚስቱን ወይም ሚስት የባሏን ልጅ ጉዲፈቻ ሲያደርጉ፣ እንዲሁም አንደኛው የትዳር ጓደኛ ፈቃዱን መግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሲገኝ ነው። የመጀመሪያው ሁኔታ በተለይ ለእንጀራ አባቶች ይጠቅማል፤ ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉትን የሚስታቸውን ልጅ በሕግም የራሳቸው ማድረግ የሚችሉበት መንገድ ይኸው ነው።

የራስ ልጆች መኖራቸው ጉዲፈቻን አይከለክልም፤ ፍርድ ቤቱ ግን የእነርሱንም ሁኔታ ከግምት ያስገባል። በጉዲፈቻ የሚሰጠው ልጅ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ይህን የማያውቁ አሳዳጊዎች «ትንሽ ይደግ፣ ኋላ እናስተካክለዋለን» እያሉ ቆይተው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወደ ጠበቃ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ የጉዲፈቻ በር ተዘግቶ የሚቀራቸው ኑዛዜ መጻፍ ብቻ ይሆናል። ገና በማኅፀን ያለን ልጅ በሚመለከትም ስምምነት ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን እናቲቱ ከወለደች በኋላ ስምምነቱን የመሻር መብቷ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ በእርግዝና ወቅት የተገባን ቃል ይዞ አልጋና ልብስ ገዝቶ መጠበቅ ልብ ለመሰበር መጋለጥ ነው።

የውጭ አገር ዜጎችን በሚመለከት ሁኔታው ከመሠረቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና አውሮፓ በጉዲፈቻ ሄደዋል። በዚያ ጊዜ የተሳሳቱ ሰነዶች፣ ስለ ልጁ ማንነት የተነገሩ ውሸቶች፣ ወላጆች «ተምሮ ይመለስልናል» ብለው የሰጧቸውና ያልተመለሱ ልጆች፣ በውጭ አገርም ለከባድ በደል የተዳረጉ ሕፃናት ጉዳይ ብዙ አነጋገረ። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ፣ የውጭ አገር ዜጎች የኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ የሚወስዱበት መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ቤተሰብ የመሆኑ ኃላፊነት በዋናነት የአገር ውስጥ ቤተሰቦች ሆኗል፤ ለዚህም ነው የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን አካሄድ ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልገው።

ልጁ ከየት ይመጣል?

ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ዘመድ ወይም የሚያውቁት ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው በሕፃናት ማሳደጊያ የሚገኝ ልጅ ነው።

በማሳደጊያ ያለን ልጅ ለመቀበል የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ከማሳደጊያው በር ሳይሆን ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር ነው። በአገር ደረጃ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በከተማና በክልል ደግሞ ቢሮዎቹ፣ ዝቅ ሲልም የክፍለ ከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። አመልካቹ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱን፣ ገቢውን፣ ጤናውንና የቤተሰቡን ሁኔታ ካጠና በኋላ ሊመጥነው ከሚችል ልጅ ጋር ይገናኛል። ይህን ጥናት እንደ ፍተሻ ቆጥረው የሚከፉ ሰዎች አሉ። የሚመረመረው ግን የሶፋው ዓይነት አይደለም፤ ልጁ የሚተኛበት ቦታ፣ ሁለቱም ከሥራ እስኪመለሱ ማን እንደሚጠብቀው፣ ባልና ሚስት በውሳኔው እኩል መስማማታቸው ነው። አንደኛው ወገን ተጎትቶ የገባበት ጉዲፈቻ የመጀመሪያውን ክረምት እንኳ በሰላም አያልፍም።

ማሳደጊያዎችም በአንቀጽ 192 መሠረት ግዴታ አለባቸው፤ ልጁን ከመስጠታቸው በፊት ስለ ልጁ ማንነት፣ እንዴት ወደ እነርሱ እንደመጣና ስለ ጉዲፈቻ አድራጊው ግላዊ፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ በቂ መረጃ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማቅረብ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ አመልካቹ የልጁን ፋይል ማየት ቢፈልግ አያፍር፤ ፖሊስ ልጁን ያገኘበት ማስረጃ፣ ቤተሰቡን ለማፈላለግ የተደረገው ጥረት፣ የክትባትና የጤና ካርዱ፣ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ምርመራው ውጤት፣ ካለም ስለ ወንድምና እህቶቹ የተጻፈው ነገር ሁሉ የነገው ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ አድጎ «እኔ ከየት ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላ ምንጭ አይኖርም፤ ቅጂውን መያዝ የአሳዳጊው ሥራ ነው። አገሪቱ በ2001 ዓ.ም. ያወጣችው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ልጁን ከወላጆቹና ከዘመዶቹ ጋር ማገናኘትን ያስቀድማል፤ ማሳደጊያ ውስጥ ማኖርን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል።

ሕፃን ከመንገድ፣ ከሆስፒታል ወይም ከደላላ እጅ ተቀብሎ ወደ ቤት መሄድ ምንም ያህል ርኅራኄ ቢኖርበት ጉዲፈቻ አይደለም። የተገኘ ሕፃን በፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገብ የተወሰደ ልጅ ወላጅ ፈልጎ ከመጣ የወሰደው ሰው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ለወላጅ፣ ለአዋላጅ ወይም ለአገናኝ ስለ ልጁ ብር መክፈልም ልጅ መግዛት ነው፤ «ለምስጋና» ተብሎ ቢሰጥም ስሙ አይለወጥም። የወላድ እናት ችግር ገንዘብ ብቻ ከሆነ በዚያው ገንዘብ ልጇን ራሷ እንድታሳድግ መርዳት ይቀድማል።

ስምምነቱና የወላጆች ፈቃድ

ጉዲፈቻ በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል በሚደረግ ስምምነት ይጀመራል። የልጁ አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንደኛው የሞተ፣ የጠፋ፣ ያልታወቀ ወይም ፈቃዱን መስጠት የማይችል ከሆነ የሌላኛው ፈቃድ ይበቃል። አንደኛው ወላጅ እንቢ ካለና ልጁ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የሌላኛውን ወላጅና የልጁን አስተያየት ሰምቶ ስምምነቱን ሊያጸድቅ ይችላል።

የፈቃድ ነገር በችሎት የሚሰማ ቃል ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በዘመድ መካከል በሚደረግ ጉዲፈቻ ትልቁ አደጋ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው አክስት «ልጅሽን ስጪኝ፣ አስተምርልሻለሁ» ትላለች፣ ገጠር ያለችው እናት ደግሞ የምትሰማው «ትምህርት እስኪጨርስ» የሚለውን ነው። አንዷ ለዘለዓለም ተቀበለች፣ ሌላዋ ለጊዜው አደራ ሰጠች። ከ10 ዓመት በኋላ እናት ልጇን ልታስመልስ ስትመጣ ሁለቱም የተበደሉ ይመስላቸዋል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ከፊርማ በፊት በሚገባቸው ቋንቋ፣ የሚያምኑት ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት ባለበት፣ ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ እንደማይመለስና ውሳኔ የሚሰጠው አሳዳጊው እንደሚሆን፣ የልጁና የእነርሱ ዝምድና ግን እንደማይቋረጥ በግልጽ ይነገራቸው። በእኔ እምነት ወላጆቹ ይህን ሰምተው ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያስቡበት የፈረሙት ስምምነት ለማንም አይጠቅምም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ሲዘጋጅ የሁሉም ወገኖች ሙሉ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ ጉዲፈቻው የተደረገበት ምክንያት፣ የልጁ የትውልድ ቦታና ቀን፣ ልጁ ወደፊት የሚጠራበት ስም እንዲሁም ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቢገለጽ መልካም ነው። በእኛ አገር የአባት ስም የሰው ሙሉ ስም አካል በመሆኑ የስሙ ጉዳይ ለብቻው ማሰብ ይፈልጋል። የሕፃን ስም ለውጥ ብዙ አያስቸግርም፤ የ9 ዓመት ልጅ ግን በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በሪፖርት ካርድና በጓደኞቹ አፍ የራሱ ስም አለው፤ እርሱ ሳይጠየቅ የአባቱን ስም መንቀል ጉዳት አለው። በመጠሪያ ስሙ ላይ እጅ አለማንሳት፣ የአባት ስም የሚለወጥ ከሆነም ጥያቄውን ከጉዲፈቻው ጋር በግልጽ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ በኋላ ከሚመጣ የሰነድ መጋጨት ያድናል። ልጁ ከሞቱ ወላጆቹ ያገኘው ቤት፣ መሬት ወይም ጡረታ ካለም በዝርዝር ይጻፍ፤ ንብረቱ የልጁ እንጂ የአሳዳጊው አይደለም።

ፍርድ ቤት

በአንቀጽ 194 መሠረት ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት ውጤት የለውም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ፣ በቀበሌ ማኅተም የተመታበት ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ወረቀት ቢኖርም፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ልጁን ልጅ አያደርገውም። በአዲስ አበባ አቤቱታው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይቀርባል። ከአቤቱታው ጋር በተለምዶ የሚያያዙት የአመልካቾች መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገቡ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወላጅ የሞተ ከሆነ የሞት ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ እና ስምምነቱ ናቸው። የጎደለ ነገር ካለ ሬጅስትራሩ ይነግራል፤ ከዚያ በፊት ግን የልጁ ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን፣ «ኃ» እና «ሀ» እንኳ አለመለዋወጣቸውን ማየት ብዙ ቀጠሮ ያድናል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉትን የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ሴቶችም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ።

ዳኛው የሚፈልገው መልስ አንድ ነው፤ ጉዲፈቻው ለልጁ ይበጀዋል ወይ? ይህን ለማረጋገጥ የልጁን አስተያየት፣ ቀደም ሲል ፈቃድ ካልሰጡ የአሳዳሪውን ወይም የሞግዚቱን ሐሳብ፣ እንዲሁም አመልካቹ ልጁን የማሳደግና የመንከባከብ ችሎታ እንዳለው ይመረምራል፤ ማኅበራዊ ጥናት ተጠንቶ እንዲቀርብለትም ሊያዝ ይችላል። ልጁን ለችሎት ሲያዘጋጁ የሚናገረውን ማስጠናት አይገባም። ዳኞች የተጠና ቃል ይለያሉ፤ ከዚህም ይልቅ የሚከፋው ልጁ «እንዲህ ካላልኩ ይመልሱኛል» ብሎ መፍራቱ ነው። «ዳኛው የሚጠይቅህ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ነው፤ የፈለግኸውን ብትል ማንም አይቆጣህም» ማለት ይበቃል።

ጉዲፈቻ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ልጁ አስቸገረ፣ ባልና ሚስት ተፋቱ፣ ወይም የራሳቸው ልጅ ተወለደ ተብሎ አይሻርም። አንቀጽ 195 ያስቀመጠው ልዩ ሁኔታ ልጁን የሚመለከት ነው፤ አሳዳጊው እንደ ልጁ ከመንከባከብ ይልቅ እንደ ባሪያ ወይም ለዚያ በቀረበ ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከመልካም ጠባይ ውጪ በሆነ ተግባር ላይ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሌላ ሁኔታ ከያዘው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊሽረው ይችላል። አቤቱታውን ልጁ ራሱ፣ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ወይም ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ሰው ሊያቀርብ ይችላል። ይህ አንቀጽ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። «ላሳድጋት» ተብላ ከገጠር የመጣች፣ ጧት ከሁሉ በፊት ተነሥታ ቤት የምትጠርግ፣ የቤቱ ልጆች በሰርቪስ ሲሄዱ እርሷ ማታ የምትማር ልጅ በብዙ ሰፈር አለች። የቤት ሠራተኛ የፈለገ ሰው ደመወዝ ከፍሎ ዕድሜዋ የደረሰ ሠራተኛ ይቅጠር።

ከውሳኔው በኋላ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጉዲፈቻ ከሚመዘገቡት ኩነቶች አንዱ ነው፤ የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ምዝገባው ወደሚካሄድበት የወረዳ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሄድና የምስክር ወረቀት መውሰድ ያስፈልጋል። በዚያው ልጁን በቤተሰብ ቅጹ ላይ ማስመዝገብ፣ ለትምህርት ቤቱም የውሳኔውን ግልባጭ መስጠት ይገባል።

በቤት ውስጥ

ከማሳደጊያ ወይም ከከባድ ችግር የመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት አሳዳጊው በጓጓበት መንገድ አያሳልፍም። ዳቦ ትራሱ ሥር የሚደብቅ፣ ሌሊት የሚባንን፣ ማንንም እንግዳ «እማዬ» የሚል፣ ወይም በተቃራኒው ለወራት አቅፈውት የማይላላ ልጅ አለ። ይህ ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ ነገ ምግብ እንደሚኖር፣ ሰው እንደማይጠፋ ገና አላመነም። እንዲያምን የሚያደርገው የምግቡና የመኝታው ሰዓት አለመዛነፉ፣ የሚንከባከቡት ሰዎች ቁጥር ማነሱና ቅጣቱ ድብደባ ወይም «እመልስሃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ አለመሆኑ ነው። በተለይ ያ ቃል በቀልድም ቢሆን ከአሳዳጊ አፍ መውጣት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘመድ አዝማድ ጠርቶ ድግስ መደገስም ለትልልቆቹ ደስታ እንጂ ለልጁ ሸክም ነው፤ ወር ሁለት ወር ቢቆይ ይሻላል።

እውነቱን መንገር ብዙዎች የሚፈሩት ጉዳይ ሲሆን፣ የሚመከረው ከመጀመሪያው መንገር ነው። «ሲያድግ እንነግረዋለን» የሚሉ ቤተሰቦች የሚረሱት በእኛ ሰፈር ምስጢር እንደማይኖር ነው፤ ቡና ላይ ይወራል፣ የጎረቤት ልጅ በኳስ ጠብ መካከል ይሰድብበታል፣ ለቅሶ ላይ የመጣች አሮጊት «ይሄ ነው ያ ያመጣችሁት?» ትላለች። በ15 ዓመቱ ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ልጅ የሚያዝነው ባለመወለዱ ሳይሆን በመዋሸቱ ነው። የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃን «አንተ ከሌላ እናት ተወለድህ፣ ልታሳድግህ አልቻለችም፣ እኛ ደግሞ ልጅ እንድትሆነን ፈለግንህ» የሚለውን ይረዳል፤ ዝርዝሩ ከዕድሜው ጋር ይጨመራል። የወላጆቹን ድህነት፣ በሽታ ወይም ስሕተት ሲነግሩ ማንቋሸሽ አይገባም። የማይታወቀውን ነገር በተረት መሙላትም አይገባም፤ «ይህን አናውቅም፣ ያለን ወረቀት ይኸውልህ» የሚል መልስ ክብር አለው። የተወለዱ ልጆች ካሉም አብረው ይስሙ፤ «የእኛ» እና «የእርሱ» የሚለው ክፍፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በልጆች ሳይሆን «የራስሽ ልጅ የትኛው ነው?» ብለው በፊታቸው በሚጠይቁ እንግዶች ነው። መልሱም «ሁሉም» ሆኖ ወሬው ይቀየር።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች የሟች እህታቸውን ወይም ወንድማቸውን ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ ሲያስቡ ሁለት የተለያዩ ሕጎች እንደሚገጥሟቸው ማወቅ አለባቸው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ አገር ዜጋ ነው፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስላለው ብቻ የ2010ሩ ክልከላ አይመለከተኝም ብሎ ሳይገምት፣ ገንዘብ ከማውጣቱና ለልጁ ቃል ከመግባቱ በፊት ሚኒስቴሩንና ጠበቃ መጠየቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ይዞ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው በኢትዮጵያ በኩል የተለየ ሁኔታ ላይ ነው። በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና ጉዳዩን ለማስጀመር ቢረዳም፣ ዳኛው ስለ አሳዳጊው ችሎታ እንዲያረጋግጥ የሚጠበቅበት ስለሆነ በአካል ለመቅረብ መዘጋጀት ይገባል።

በአዲስ አበባ የተገኘው ውሳኔ ቪዛ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በተለመደው የቤተሰብ መንገድ ልጅ ለማምጣት፣ ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መፈጸሙን፣ በተጨማሪም አሳዳጊው ልጁን ቢያንስ ለ2 ዓመት በሕጋዊ ጥበቃው ሥር ይዞ አብሮት መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። ገንዘብ መላክ አብሮ እንደ መኖር አይቆጠርም። ይህ ማለት አንደኛው የትዳር ጓደኛ ኢትዮጵያ መጥቶ ከልጁ ጋር መኖር ሊኖርበት ይችላል፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ከ1 ዓመት በላይ ከአሜሪካ የሚርቅ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ የኢትዮጵያው መዝገብ እስኪዘጋ ሲጎተት ጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል፣ የዚያኛው አገር የኢሚግሬሽን ጠበቃ ምክር ከኢትዮጵያው አቤቱታ በፊት ይጠየቅ። ስሌቱ የማይሆን ሆኖ ከተገኘ፣ ልጁ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር በአሳዳሪነት ሥር ሆኖ የትምህርትና የጤና ወጪው በየወሩ ቢላክለት፣ ክረምት ክረምትም ቢጎበኙት ይሻላል፤ የማይሳካ ቪዛ ሲጠብቅ በየዓመቱ «ዘንድሮ እንወስድሃለን» ከሚባልለት ልጅ ይልቅ እንዲህ ያለው ልጅ በአንድ ቦታ ተረጋግቶ ይማራል።